ስለ ንግድ በጃፓንኛ ንግግር ሲያቀርቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2013 ዮኮሃማ ላይ በተካሄደው፣ ስለ አፍሪካ ልማት በሚመክረው አምስተኛው የቲካድ ጉባኤ ለአፍሪካ ወጣቶች የማስተርስ ትምህርትና በኩባንያዎች ውስጥ የሥራ ልምምድ የሚሰጠውን «ኤቢኢ ኢኒሼቲቭ» ይፋ አድርጋለች። በዚህም ሆነ በሌላ መንገድ ጃፓን የደረሱ ኢትዮጵያውያን አንድ ቀን በኩባንያ ኃላፊዎች ፊት ቆመው ስለ ቡና፣ ስለ ቆዳ ወይም ስለ ሶፍትዌር በጃፓንኛ መናገር ይጠበቅባቸው ይሆናል። አብዛኞቹ የተማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ንግግራቸውንም በእንግሊዝኛ አስበው ወደ ጃፓንኛ ይመልሱታል፤ ከሚከተሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚወለዱትም ከዚህ ልማድ ይመስለኛል። አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለጃፓንኛ የሚቀርብባቸው ጎኖች ጥቂት አይደሉምና፣ ከአማርኛ ተነስቶ ማሰብ ድካምን ይቀንሳል። ራሱ አማርኛ የሚያሳስትበት አንድ ትልቅ ቦታ መኖሩንም ግን ወደ ኋላ እናያለን።

የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ መዋጥ

በጃፓንኛም እንደ አማርኛ ሁሉ ግሱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አዎንታው፣ አሉታው፣ ጊዜው፣ ትሕትናውና ጥያቄው ሁሉ የሚታወቀው ከዚያ ነው። በእንግሊዝኛ ያሰበ ተናጋሪ ግን ቁም ነገሩን ቀድሞ የተናገረ ስለሚመስለው ወደ መጨረሻው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ዴኪማስ» እንችላለን ማለት ሲሆን «ዴኪማሴን» አንችልም ማለት ነው፤ ልዩነቱ ያለው ጅራቱ ላይ ብቻ ነው። ስለ ዋጋ ቅናሽ ወይም ስለ ማስረከቢያ ቀን ሲናገሩ ያ ጅራት ከፊት ወንበር ለተቀመጠ ሰው ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ግማሹ አድማጭ ተቃራኒውን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ቁጥርን በሺህና በሚሊዮን እያሰቡ መመለስ

በንግድ ንግግር ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጉዳት የሚያደርስ ስህተት አላውቅም። ጃፓንኛ ትልልቅ ቁጥሮችን የሚከፍለው በሦስት አኃዝ ሳይሆን በአራት አኃዝ ነው። አሥር ሺህ «ማን» የሚባል የራሱ መጠሪያ አለው፣ መቶ ሚሊዮን ደግሞ «ኦኩ» ይባላል። ስለዚህ 12.5 ሚሊዮን የን «1,250 ማን»፣ 350 ሚሊዮን የን ደግሞ «3 ኦኩ 5,000 ማን» ይሆናል። መድረክ ላይ ቆሞ ይህን በቃል ማስላት አደገኛ ነው፤ አንድ ዜሮ ስትጨመር ወይም ስትወድቅ ዋጋው አሥር እጥፍ ይለወጣል።

የሚገርመው፣ ይህ አከፋፈል ለእኛ ባዕድ አለመሆኑ ነው። ዛሬ ለብዛት መግለጫ ብቻ የምንጠቀምበት «እልፍ» በግዕዝ አቆጣጠር 10,000 ነው፤ ምልክቱም ፼ ነው። 12,500,000ን በግዕዝ ቁጥር ብንጽፈው ፲፪፻፶፼ ይሆናል፤ ይህም ቃል በቃል አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ እልፍ፣ ማለትም ጃፓናዊው የሚናገረው «1,250 ማን» ነው። ስለዚህ በሚሊዮን እያሰቡ ከመመለስ ይልቅ «ማን»ን እልፍ ብሎ መያዝ ይሻላል። በንግግሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥርም አስቀድሞ በጃፓንኛ አነባበቡ መጻፍ ያስፈልጋል፤ 300 «ሳንቢያኩ»፣ 600 «ሮፒያኩ»፣ 800 «ሃፒያኩ» እየሆነ ድምፁ ስለሚለዋወጥ በቃል ይዞ መሄድ አያዋጣም። «ሺቺ» የተባለው ሰባትም ከ«ኢቺ»፣ ከአንድ ጋር ስለሚምታታ «ናና» ቢባል ይመረጣል።

«ባለፈው በጀት ዓመት» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። የጃፓን በጀት ዓመት ከሚያዝያ እስከ መጋቢት በጎርጎሮሳውያን ወራት ሲሆን፣ የእኛ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ስለዚህ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በእነሱ አቆጣጠር መጥቀስ የግድ ነው።

የራስን አለቃ በእንግዳ ፊት ማክበር

አማርኛ የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ሥራ አስኪያጁ የሚከበሩ ሰው ከሆኑ በማንም ፊት ይከበራሉ፤ «ሥራ አስኪያጃችን አቶ እገሌ እንዲህ ብለዋል» ብንል ጨዋነት ነው። በጃፓንኛ ግን አክብሮት የሚወሰነው በሰውየው ማንነት ብቻ ሳይሆን ንግግሩ የሚደረገው በማን ፊት ነው በሚለውም ነው። ከሌላ ኩባንያ ለመጡ ሰዎች ሲናገሩ የራስ አለቃ በራስ ወገን ስለሚቆጠር፣ ስሙ «ሳን» የሚለው የአክብሮት ቅጥያ ሳይጨመርበት ይጠራል፣ «ብለዋል» ለማለትም «ኦሻቴ ኢማስ» በሚለው የአክብሮት ግስ ፋንታ «ሞሺቴ ኦሪማስ» የሚለው የትሕትና ግስ ይገባል። ያደግንበት ነገር ስለሆነ አፋችን እምቢ ይላል፤ ሆኖም አለቃችንን እዚያ ማክበር አድማጩን ዝቅ እንደማድረግ ይቆጠራል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው «እርስዎ» ለማለት «አናታ»ን መፈለግ ነው። «አናታ» ለአድማጭ አይባልም፤ ተሰብሳቢው «ሚናሳማ»፣ ግለሰቡ ደግሞ በስሙና በማዕረጉ ይጠራል። የራስ ኩባንያ «ሄይሻ»፣ የአድማጩ ኩባንያ በቃል ሲነገር «ኦንሻ» ነው፤ «ኪሻ» የሚለው ለጽሑፍ ነው። የጃፓን የባህል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው መመሪያ የአክብሮት ንግግርን በአምስት ይከፍለዋል፣ ተናጋሪው ግን ሁሉንም ማሳየት የለበትም። በየዓረፍተ ነገሩ «ሳሴቴ ኢታዳኪማስ» (በፈቃድዎ አደርጋለሁ) ከመደርደር ይልቅ በ«ዴስ» እና በ«ማስ» የሚጨርሰው ጨዋ አነጋገር ላይ መጽናት፣ መክፈቻውንና መዝጊያውን ብቻ በከፍተኛ አክብሮት መናገር የተሻለ ነው።

በፈተና ውጤት መተማመን

የጃፓንኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና ከፍተኛው ደረጃ እንኳ የሚለካው ማንበብንና ማዳመጥን እንጂ መናገርን አይደለም። የምስክር ወረቀት ያለው ሰው መድረክ ላይ ቢንተባተብ ሊደነግጥ አይገባም፤ ያልተፈተነበትን ሥራ እየሠራ ነውና ጮክ ብሎ መለማመድ አለበት።

የተጻፈን ጽሑፍ እንዳለ ማንበብ፣ የውጭ ቃላትንም በእንግሊዝኛ ድምፅ መጥራት

ለዓይን ግልጽ የሆነ ጽሑፍ ለጆሮ ላይገባ ይችላል፤ በቻይና ፊደል የሚጻፉ ብዙ ቃላት በአጻጻፍ ቢለያዩም በድምፅ አንድ ናቸው። «ካጋኩ» ሳይንስም ኬሚስትሪም ነው፤ ስለዚህ ጃፓናውያን ራሳቸው ኬሚስትሪን ለመለየት «ባኬጋኩ» የሚሉበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥም በቀላል ቃል ማብራራት ይገባል።

ከእንግሊዝኛ የገቡ ቃላት ደግሞ ትርጉማቸውን ለውጠው ይጠብቁናል። «ኩሬሙ» በጃፓን የደንበኛ ቅሬታ ነው፣ «ሳቢሱ» ብዙ ጊዜ በነፃ የሚሰጥ ነገር ነው። በድምፅ ረገድ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ጸጋ አለው፦ ጠብቆና ላልቶ መነበብን ስለሚያውቅ «ና» የሚለውን «ኪቴ» እና ጠብቆ የሚነበበውን፣ የፖስታ ቴምብር የሆነውን «ኪቴ» አያምታታም። የሚያስቸግረው የአናባቢ ርዝመት ነው። «ቢሩ» ሕንፃ ሲሆን «ቢ» ስትረዝም ቢራ ይሆናል፤ ረጃጅሞቹን አናባቢዎች በጽሑፉ ላይ አስምሮባቸው መለማመድ ይረዳል።

ካይዘንን ለጃፓናውያን ማስተዋወቅ

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ቃሉ በእኛ ዘንድ ክብር አግኝቷል፤ በጃፓንኛ ግን «ማሻሻል» የሚል ተራ ቃል ነው። «ካይዘን እንሠራለን» ማለት ለአድማጩ ምንም አይነግረውም። የብልሽት መጠን ከስንት ወደ ስንት እንደ ወረደ፣ ዕቃ ፍለጋ ይባክን የነበረው ጊዜ ምን ያህል እንዳጠረ በቁጥር መናገር ይሻላል። ንግግሩንም «ኬትሱሮን ካራ ሞሺአጌማስ» (ከድምዳሜው ልጀምር) ብሎ መክፈት ነውር የለውም፤ ጃፓናውያን ዙሪያ ጥምጥም ንግግር ይወዳሉ የሚለው ግምት ለንግድ መድረክ አይሠራም።

ለሚጠበቅ ጥያቄ ሳይዘጋጁ መቅረብ

ስለ ኢትዮጵያ ቡና የሚናገር ሰው የፀረ ተባይ ቅሪት ጥያቄ እንደሚመጣበት ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ባለሥልጣናት ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ ቅሪት አግኝተው፣ ወደዚያ የሚላከው ቡና በእጅጉ አሽቆልቁሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2006 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ፣ የተለየ ገደብ ያልተቀመጠለት ኬሚካል በኪሎ ግራም ከ0.01 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። «ቡናችን ተፈጥሯዊ ነው» የሚል መልስ ይህን ለሚያውቅ ገዥ ባዶ ነው፤ የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ የናሙናውን ቀንና የመረመረውን ተቋም መናገር ያስፈልጋል። የማያውቁትን ከመገመት «ካኩኒን ሺቴ ጎረንራኩ ኢታሺማስ» (አጣርቼ አሳውቃለሁ) ብሎ፣ ቀን ቆርጦ፣ በዚያ ቀን ማሳወቅ ነው።

እዚያው መልስ መጠየቅ

በንግግር መሐል የሚሰማው «ሃይ» እየሰማሁ ነው ማለት እንጂ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም፤ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠም ሰው ተኝቷል ማለት አይደለም። «ኬንቶ ኢታሺማስ» (እናስብበታለን) ጨዋ እምቢታ ሊሆን ይችላል፣ እውነተኛ ቀጠሮም ሊሆን ይችላል። በብዙ ኩባንያዎች ውሳኔ የሚሰጠው ሰነድ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ማኅተም በሚሰበስብበት «ሪንጊ» በሚባለው አሠራር ስለሆነ፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቢፈልጉም እንኳ እዚያው መልስ መስጠት አይችሉም። ስለዚህ መልስ ከማስጨነቅ ይልቅ ንግግሩን ያልሰማው ኃላፊ አንብቦ ሊወስን የሚችልበትን፣ ዋጋ፣ መጠንና ማስረከቢያ ጊዜ የያዘ አንድ ገጽ በጃፓንኛ ትቶ፣ ለውስጥ ሰነዳቸው ምን ተጨማሪ መረጃ እንደሚያስፈልጋቸው መጠየቅ ይሻላል።