ቼክ ብር አይደለም፦ የግል ቼክ ስንመነዝር የምንሠራቸው ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ የተሞሸረች ጊዜ፣ በማግስቱ የፖስታውን ክምር ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግፈን ተቀመጥን። ከጥሬ ገንዘቡ ቼኩ ይበዛ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሙሽሮቹ ሁሉንም ቼክ ይዘው ባንክ ሄዱ። ግማሹን መልሰው ይዘው መጡ። ለምን እንደሆነ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

የግል ቼክ ብር አይደለም። አንድ ሰው ለባንኩ የጻፈው ትእዛዝ ነው፤ «ከሒሳቤ ላይ ይህን ያህል ለእገሌ ክፈልልኝ» ይላል። ያ ባንክ እሺ ብሎ እስኪከፍል ድረስ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ነው። እዚህ አሜሪካ ሰው በቼክ ጣጣ ውስጥ ሲገባ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ረስቶ ነው።

ፊት ለፊት ያገኙት ባንክ ሰተት ብሎ መግባት

ቼኩ ላይ የታተመው የባንክ ስም፣ ቼኩን የጻፈው ሰው ገንዘቡን ያስቀመጠበት ነው። እዚያ ከሄዳችሁ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ሒሳቡን አይታ ወዲያው ልትከፍላችሁ ትችላለች። ግን ደንበኛ ካልሆናችሁ የመመንዘር ግዴታ የለባቸውም። ቢመነዝሩም ብዙዎቹ ክፍያ ይቆርጣሉ። መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱ ሁለት ይፈልጋል፤ የአውራ ጣት አሻራ የሚያስነሳም አለ።

ሁለተኛው መንገድ የራሳችሁ ባንክ ነው። አካውንታችሁ ውስጥ ታስገቡታላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። ከሁለቱ ውጭ የሆነ ባንክ ከገባችሁ «አካውንት አለዎት?» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። መንገድ ዳር ያሉት የቼክ መመንዘሪያ ሱቆች ደግሞ ከመቶ ይቆርጣሉ። ብዙዎቹም የደመወዝ ቼክ እንጂ የግል ቼክ አይወዱም።

ስም እንደ መጣ ማስጻፍ

እዚህ ላይ የእኛ ጉዳይ ለየት ይላል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፈው አስቡት። ደግሞ አይዲ ላይ የአያት ስም «ላስት ኔም» ሆኖ ይገባል። ወዳጆቻችን ግን የሚያውቁን በአባታችን ስም ነው። ቼኩ ላይ አንድ ሰው፣ አይዲው ላይ ሌላ ሰው የሚመስልበት ጊዜ አለ።

ልዩነቱ አንድ ሁለት ፊደል ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ጀርባው ላይ በመጀመሪያ ቼኩ ላይ እንደተጻፈው፣ ከሥሩ ደግሞ በትክክለኛው ስማችሁ ፈርሙ። ባንኩም ሁለቱንም ፈርሙ ሊላችሁ ይችላል። ስሙ ጨርሶ ሌላ ከሆነ ግን ሌላ ቼክ አስጽፉ። ሰርዞ መደለዝ፣ ነጭ ቀለም መቀባት አይሆንም። የተነካካ ቼክ የሚቀበል ባንክ የለም ብላችሁ አስቡ።

አሁን ወደ ሙሽሮቹ። እንግዶቹ «ሚስተር ኤንድ ሚስስ» ብለው የሙሽራውን የአባት ስም ጽፈዋል። በእኛ ደንብ ሴት በጋብቻ ስሟን አትለውጥም። ስለዚህ «ሚስስ እገሌ» የምትባል ሴት በየትኛውም መታወቂያ ላይ የለችም። በዚያ ላይ በሁለት ስም መካከል «እና» ካለ ሁለቱም መፈረም አለባቸው፤ «ወይም» ካለ አንዱ ይበቃል። ባንኩ ሁለቱም የጋራ አካውንት እንዲከፍቱና የጋብቻ ወረቀታቸውን እንዲያመጡ ጠየቃቸው። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ለሠርግ ቼክ የምትጽፉ፣ እባካችሁ የአንዱን ሙሉ ስም ብቻ ጻፉ። አንድ አጎታችንማ የጻፈላት የቤት ስሟን ነበር! እሱን ቼክ መጨረሻ ላይ ማስታወሻ አድርጋ አስቀረችው።

ቤት ሆኖ ጀርባውን መፈረም

ስማችሁን ብቻ የፈረማችሁበት ቼክ መንገድ ላይ ቢወድቅ፣ ያነሳው ሰው ሊሞክረው ይችላል። መስኮቱ ጋ ደርሳችሁ ፈርሙ። አካውንት ውስጥ የምታስገቡት ከሆነ ከፊርማው በላይ «ፎር ዲፖዚት ኦንሊ» (አካውንት ውስጥ ለማስገባት ብቻ) ብላችሁ የአካውንት ቁጥራችሁን ጨምሩበት።

ስክሪን ላይ የታየን ገንዘብ ማመን

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በአሜሪካ ሕግ ባንክ የገባውን ቼክ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ አፍኖ መያዝ አይችልም። ከጁላይ 2025 ጀምሮ በአጠቃላይ የመጀመሪያው 275 ዶላር በቀጣዩ የሥራ ቀን፣ የቀረው በሁለተኛው የሥራ ቀን ይለቀቃል። በአንድ ቀን ከ6,725 ዶላር በላይ ከገባ ወይም አካውንቱ ከተከፈተ 30 ቀን ካልሞላው ቆይታው ይረዝማል።

ታዲያ ተለቀቀ ማለት ቼኩ ተከፈለ ማለት አይደለም። ባንካችሁ በሕጉ መሠረት ቀድሞ ሰጣችሁ እንጂ፣ የጻፈው ሰው ባንክ ገና እሺ አላለም። ቼኩ ሐሰተኛ ከሆነ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ባንካችሁ ገንዘቡን መልሶ ይወስዳል፤ ቅጣት ሊጨምርበትም ይችላል። በመሀል አውጥታችሁ ከበላችሁት ዕዳው የእናንተ ነው።

ሌቦች የሚጫወቱት በዚህች ክፍተት ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ሶፋ በኢንተርኔት ለመሸጥ አወጣ። ገዢው 600 ዶላር ለሆነ ዕቃ የ1,500 ዶላር ቼክ ላከ። «ትርፉን ለጭነት መኪናው በዜል ላክልኝ» አለው፤ ዜል በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ የሚላክበት መንገድ ነው። ልጁ አካውንቱን ሲያይ ገንዘቡ ገብቷል። ላከ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቼኩ ተመለሰ፣ 900 ዶላሩ እንደወጣ ቀረ። ከዋጋው በላይ ቼክ ጽፎ «ትርፉን መልስልኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ሌላ ማብራሪያ አትፈልጉለት። መኪና የምትሸጡ ከሆነ ከገዢው ጋር እሱ ባንክ ድረስ አብራችሁ ሂዱ፤ ባንኩ ራሱ የሚያወጣውን ቼክ እዚያው ሲታተም እያያችሁ ተቀበሉ።

ደረቅ ቼክ ሲገጥም ፖሊስ መጥራት

አገር ቤት ደረቅ ቼክ፣ ማለትም በቂ ገንዘብ በሌለው ሒሳብ ላይ የተጻፈ ቼክ፣ በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ላይ አለ። ያንን ልማድ ይዘን ስለምንመጣ ቼክ ሲመለስብን ዛቻ ይቀድመናል። እዚህ ለማጭበርበር መታሰቡ ካልተረጋገጠ፣ አንድ ቼክ ተመለሰ ተብሎ ሰው አይታሰርም። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሒሳብ ስህተት ነው። መጀመሪያ ለጻፈው ሰው ደውሉ። የደረሰባችሁን ቅጣት ጨምሮ እንዲከፍል ጠይቁት።

ቀኑን አለማየት

ባንክ 6 ወር ያለፈውን የግል ቼክ የመክፈል ግዴታ የለበትም። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ እኛ ቀኑን፤ እሱ ብቻውን ስንት ሰው አመላልሷል። የዕቁባችን አንዲት እናት ደግሞ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፈው ሰጡ። ለባንኩ ስምንት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ቼክ ሆኖ ታየው።

«ለሚቀጥለው ወር ጽፌልሃለሁ» የሚባለውም ያሳስታል። የጻፈው ሰው አስቀድሞ ለባንኩ ካላሳወቀ፣ ባንኩ ቀኑ ሳይደርስ ሊከፍለው ይችላል። እግረ መንገዳችሁን ገንዘቡንም እዩ፤ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ከተለያየ የሚጸናው በፊደል ያለው ነው።

ትልቅ ገንዘብ መሸንሸን

በቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስታወጡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ምንም ችግር የለውም፤ ቅጽ ነው። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ ዛሬ 6,000፣ ነገ 5,000 እያሉ ማውጣት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

በስልክ ካስገቡ በኋላ ቼኩን መርሳት

ፎቶ አንስታችሁ ያስገባችሁትን ቼክ ሌላ ሰው ሳያውቅ ባንክ ይዞት ቢሄድ ሁለቴ እንደገባ ይቆጠራል። እኛ ቤት አጋጥሞናል፦ ባል በስልክ፣ ሚስት በአካል። ጀርባው ላይ ያስገባችሁበትን ቀን ጻፉ። ገንዘቡ መርጋቱን እስክታረጋግጡ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ ቅደዱት።