ዩሪክ አሲድዎ ከፍ ካለ የልብ ምትዎን እንዴት ይከታተሉ?

ደሴ ውስጥ ያደረጉት የደም ምርመራ ዩሪክ አሲድዎ (ሰውነት ምግብንና ያረጁ ሴሎችን ሲሰባብር ደም ውስጥ የሚቀረው ተረፈ ምርት) ለወንድ ከ7፣ ለሴት ከ6 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ መሆኑን ካሳየ፣ ጉዳዩን የሪህ ብቻ አድርገው አይተዉት፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በተባለው የተዛባ የልብ ምት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል በጥናት ታይቷል፤ መንስኤው አሲዱ ራሱ ስለመሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

የሐረጎን አቀበት እንደወጡ ሳይሆን 5 ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ፣ ሁለት ጣቶችዎን ከአውራ ጣትዎ ግርጌ በታች የእጅ አንጓዎ ላይ አሳርፈው 60 ሴኮንድ ሙሉ ይቁጠሩ። ከቁጥሩ ይልቅ አመታቱ ይበልጥ ይናገራል፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ያለ ሥርዓት የሚመታ ከሆነ የኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ) ምርመራ ያድርጉ፤ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ከታከለበት ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ዱለትና ቢራ ይቀንሱ። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድም አሲዱን ስለሚጨምር ሐኪምዎን ያማክሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡት።