መዝሙር ሲሰለችህ

ደሴ ላይ የግሸን ማርያም በዓል መስከረም 21 ካለፈ በኋላ የእኛ መዘምራን ቀዝቀዝ ይላሉ። የልምምድ ቀን ሰበብ ይበዛል። የጦሳ ተራራ ብርድም ያግዛል!

እኔ ከበሮ መቺ ነኝ። ስልችት ሲለኝ መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው፦ ደክሞኛል ወይስ ተቀይሜያለሁ? ከደከመህ ተኛ፤ የእምነት ማነስ አይደለም። ከተቀየምክ ግን ሄደህ ሰውየውን አናግረው። ኩርፊያ ይዞ ማሸብሸብ ያስጠላል።

ካልሆነ ቦታ ቀይር። ማንገቻውን ከትከሻህ አውርደህ ከበሮውን ለታናናሾቹ ስጥ፤ አንተ ከኋላ ቆመህ አጨብጭብ። የከበሮው ሰፊ አፍ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሌላ ነው። አዲስ መዝሙር አትጀምር። የምታውቀውን አንዱን በእጅህ ጻፈው፤ ያልገባህን ቃል መሪጌታን ጠይቅ። ለጊዜው ማረፍ ካማረህም ለአስተባባሪው አስቀድመህ ንገር፤ ዝም ብለህ አትጥፋ።