የግቢያችሁ ብርቱካን ምን ነካው? ለድሬዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ብርቱካን የተከለ ሰው አንድ ቀን «ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ጎረቤት መድኃኒቱን ይዞ ከተፍ ይላል፦ «አመድ ነስንሺበት አቦ!» እኔም ሳቢያን ያለው ግቢያችን ውስጥ ላለችው ዛፍ ወራት ሙሉ የከሰል አመድ ስነሰንስላት ከረምኩ። ባሰባት። አሁን ምንም ነገር ከመጨመሬ በፊት ቢጫው ከየትኛው ቅጠል እንደጀመረ አያለሁ።

ለጋው ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ

ጫፍ ላይ ያለው አዲስ ቅጠል ገርጥቶ ጅማቶቹ ብቻ እንደ መረብ አረንጓዴ ሆነው ከቀሩ የብረት እጥረት ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩት፤ ያ ነጭ ቅርፊት ውሃችን ይዞት የሚመጣው ኖራ ነው። አፈራችንም ኖራ ይበዛበታል። ብረቱ መሬት ውስጥ አለ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ አፈር አስሮ ስለሚይዘው ሥሩ ሊስበው አይችልም። አመድ ይህንኑ ያባብሳል፤ የእኔዋን ዛፍ የጎዳት እሱ ነው። ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ ወይም ኖራ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቶ ከሆነም ያው ነው። ዝገት የያዘ ሚስማር መቅበርም አይረዳም፤ የሚስማሩም ብረት እዚያው ይታሰራል።

አመዱን አቁሙ፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ ዙሪያውን አልብሱት። የልብስ ማጠቢያ እጣቢም አትድፉበት። የብረት ኬሌት (ብረቱ አፈሩ ውስጥ እንዳይታሰር ተደርጎ የተሠራ ማዳበሪያ) ከግብርና ዕቃ መደብር ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፦ ኢዲቲኤ (EDTA) የሚለው ኖራማ አፈር ላይ ብዙም አይቆይም፣ ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚለው ግን ይሠራል። ለውጡን ፈልጉ፤ ግን በአሮጌው ቅጠል ላይ ሳይሆን ቀጥሎ በሚወጣው ላይ።

የታችኛው አሮጌ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቢጫ

ናይትሮጅን ጠፍቶበታል። የበሰበሰ ፍግ፣ ወይም ጥቂት ዩሪያ ከፋፍላችሁ ስጡና ውሃ አጠጡ።

አፈሩ እርጥብ፣ ዛፉ ጠውላጋ

ሥሩ ታፍኗል። ሙቀቱ ያስፈራንና ጠዋት ማታ እናጠጣለን። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ሲደርቅ ግን በደንብ አርኩት። ውሃው ግንዱ ሥር አይተኛ፤ ከግንዱ ግርጌ ሙጫ መሰል ፈሳሽ ከወጣና ልጡ ከበሰበሰ አፈሩን ከግንዱ ገለል አድርጋችሁ አየር ስጡት።

ቅጠሉ ላይ ጥቁር ጥላሸት

በጣት ሲፈትጉት ይለቃል። ቅጠሉን ገልብጡት፤ ከሥሩ ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ታገኛላችሁ። ጣፋጭ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፣ ጥላሸቱ በዚያ ላይ ይበቅላል። ጉንዳን ደግሞ ፈሳሹን ፍለጋ ይመጣና ጠላቶቻቸውን እያባረረ ይጠብቃቸዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ፀሐይ ስትበርድ ከቅጠሉ ሥር እርጩ፤ ቀትር ላይ ከረጫችሁ ቅጠሉ ይቃጠላል። ጉንዳኑን ካልከለከላችሁ ነፍሳቱ ይመለሳሉ፦ ግንዱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ላዩ ላይ ግሪስ ቀቡ።

ፍሬው ይሰነጠቃል

ደርቆ ከከረመ በኋላ ድንገት ብዙ ውሃ ሲያገኝ ውስጡ ያብጣል፣ ልጣጩ አይችለውም። ውሃውን ሳታቋርጡ በመጠን አጠጡ። አበባው ቢረግፍ ግን አትደንግጡ፤ ፍሬ የሚሆነው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ጊዜው ደርሶ አሁንም አረንጓዴ ነው

ይሄ በሽታ አይደለም። ልጣጩ ብርቱካናማ እንዲሆን ቀዝቃዛ ሌሊት ይፈልጋል፤ ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሌሊቷም ይሞቃል። ውስጡ በስሎ ላዩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ብርቱካን ከዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ቆርጣችሁ ቅመሱ። ከኮመጠጠ ሌሎቹን ሁለት ሳምንት ተዉአቸውና እንደገና አንድ ቅመሱ።