የቴሌቪዥኑን ክፍያ ወደ ዕዳው አዙሩት
ዕዳ እየከፈላችሁ የክፍያ ቴሌቪዥን ካላችሁ፣ ማቋረጡ ብቻውን ብዙም አይጠቅም፤ የተረፈው ገንዘብ በሌላ ወጪ ሟሙቶ ይቀራል። ባቋረጣችሁበት ዕለት ያንኑ መጠን ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት ዕዳ በየወሩ በራሱ እንዲተላለፍ ባንክ ላይ አስመዝግቡ።

10,000 ዕዳ በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ በወር 300 ሲከፈል 47 ወር ይፈጃል፤ 400 ሲከፈል ግን በ32 ወር ያልቃል። ከመጀመሪያው 300 ውስጥ 150ው ወለድ ነዋ! የተጨመረው 100 ግን ሙሉ በሙሉ ዋናውን ይቀንሳል። አበዳሪው ጭማሪውን ለሚቀጥለው ወር ክፍያ እንዳይዘው «ከዋናው ይቀነስ» ብላችሁ አሳውቁት።

ያላለቀ ውል ካለባችሁ የማቋረጫ ቅጣቱን ከቀሪዎቹ ወራት ክፍያ ጋር አስተያዩ። ቅጣቱ ከበለጠ፣ ውሉ ከፈቀደ ወደ ትንሹ ጥቅል ወርዳችሁ ውሉ እስኪያልቅ ጠብቁ። ዲኮደሩ የኪራይ ከሆነ ስትመልሱ ደረሰኝ ተቀበሉ።