ከዋሽንግተን ቦሌ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ርቀቱንም ሰዓቱንም ራስዎ ያስሉት

የአውሮፕላን ትኬት እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አብዝተው የሚጠይቁኝ «እናቴ ስንት ሰዓት ትበራለች?» ብለው ነው። ብዙዎቹ የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው ቀንሰው፣ 21 ሰዓት ሆኖባቸው ደንግጠው ይመጣሉ። ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻው በመነሻው አገር፣ መድረሻውም በመድረሻው አገር ሰዓት ነው። ሁለቱን ወደ አንድ አገር ሰዓት ሳያመጡ መቀናነስ አይቻልም።

ለምሳሌ በክረምታቸው፣ በጥር ወር፣ ከዋሽንግተን ደለስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 08:00 ቦሌ የሚያርፍ በረራ እንውሰድ። በዚያ ወቅት አዲስ አበባ በ8 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ረፋድ 5 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 1 እስከ ጠዋቱ 2 ደግሞ 13 ሰዓት ነው። አሜሪካኖች ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ ያን ጊዜ ልዩነቱ 7 ይሆናል።

ትኬት ባይኖርዎትም ከርቀቱ ተነሥተው መገመት ይችላሉ። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ አይለኩ፤ ያሳስታል። ሉል ካገኙ ክር ይወጥሩበት። ክሩ አትላንቲክን ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ ያቋርጥና በስፔን በኩል ወደ ሰሃራ ይወርዳል፤ ርዝመቱም 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትልልቅ ጄቶች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበሩ ርቀቱን ለ900 ያካፍሉ፤ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ከ13 ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው የሰማይ ንፋስ ከኋላ ሲገፋ ደግሞ ያጥራል። በእርግጥ አውሮፕላን ሁልጊዜ በክሩ መስመር አይሄድም፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የሱዳንን ሰማይ የሚሸሹ በረራዎች ዙሪያ ጥምጥም ሄደዋል።

ግማሿን ሰዓት ግን አይናቋት። ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ማካፈሉ ብቻ 22 ደቂቃ ይሰጣል፤ በረራው ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው።

የመሄጃው ሰዓት ከመመለሻው እኩል አይሆንም። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ያው ንፋስ ፊት ለፊት ይመጣል። ቦሌም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ነዳጅ፣ ሰውና ሻንጣ ሙሉ ጭኖ መነሣት ይከብዳል። የዋሽንግተኑ በረራ ሲሄድ ለዓመታት አየርላንድ፣ ደብሊን እያረፈ ነዳጅ ይቀዳ የነበረው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣ የነበረው ለዚህ ነው።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ትኬቱ «ሰኞ 00:30» ካለ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። እናትዎን ቦሌ የሚያደርሷቸው እሑድ ማታ፣ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ነው።