ማስቲሽ ሊለምን የመጣን ልጅ ሥራ ማስያዝ

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ብስክሌት እጠግናለሁ። ይህን የምጽፈው ጋራዥ፣ ብየዳ ቤት ወይም ፀጉር ቤት ላላችሁ፣ በራችሁ ላይ ሥራ ያጡ ልጆች ለሚቆሙባችሁ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ትንሽ ማስቲሽ» አለኝ። እጅጌው ውስጥ ባዶ ሃይላንድ ደብቋል። ሊስበው እንደሆነ ገባኝ። አልተቆጣሁም፣ አልመከርኩም። የተነፈሰ ካላማዳሪያ ሰጥቼው «ቀዳዳውን ፈልግልኝ» አልኩት።

እናንተም ከምክር በፊት ሥራ ስጡ፤ ውጤቱ ወዲያው የሚታይ ሥራ። ካላማዳሪያውን ነፍቶ ሳፋ ውሃ ውስጥ ይንከረው። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ያድርቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍገው። ማስቲሹን ግን እናንተ ቀቡ፤ ሲያልቅም ኪሳችሁ ክተቱት። ልጁ የሚታገለውን ነገር እጁ ላይ አታስቀምጡበት። እኔ ለዚያ ልጅ ያስያዝኩት በአራተኛው ወር ነው፣ ያውም ራሱ «አሁን ይስጡኝ» ሲለኝ።

ማስቲሹ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ትንሽ ይጠበቃል። ለእኔ ትልቁ ሰዓት ያ ነው። «አባትህ የት ነው?» ብላችሁ አታጣድፉት። ዝም በሉ። ዓይኑ ጎማው ላይ ሲሆን አፉ ይፈታል። ትምህርቱን ያቋረጠው የእናቱን ቤት ኪራይ ለማገዝ መሆኑን የነገረኝ እንደዚያ ተቀምጠን ስንጠብቅ ነው።

ድርሻውን በየማታው በእጁ ስጡት። «ወር ሲሞላ» አትበሉት፤ ለክፉ ሥራ የሚፈልገው ሰው ወር አይጠብቅም። ሞሮኮ አገር፣ ካዛብላንካ ከተማ ውስጥ ሲዲ ሙመን የሚባል የድሃ ሰፈር አለ። ግንቦት 8 ቀን 1995 ዓ.ም. ከዚያ ሰፈር የወጡ ወጣቶች ከተማዋ ውስጥ ራሳቸውን አፈንድተው 33 ሰዎች ገደሉ። አብዛኞቹ ሃያዎቹን ገና የጀመሩ ነበሩ። ድህነት ነፍሰ ገዳይ አያደርግም፤ እዚያው ያደጉ እልፍ ልጆች ማንንም አልነኩም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ እነዚያን ልጆች «ወንድማችን» ብሎ ቀድሞ የተጠጋቸው ማን እንደነበር ሳስብ ነው። የባህል ማዕከል እዚያ የተከፈተው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

መታወቂያ ከሌለው ቀበሌ አብራችሁት ሂዱ። ብቻውን ከሄደ «ነገ ና» ሲሉት ተስፋ ይቆርጣል።

አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀርም። የእኔው ፓምፔን ይዞ ጠፋ። ሄዳችሁ ፈልጉት። ከመናኸሪያው ጀርባ አገኘሁት። ስለ ፓምፑ ሳላነሳ «ነገ ሁለት ሰዓት እከፍታለሁ» አልኩትና ተመለስኩ። መጣ። ፓምፑ ግን ተሽጧል። ሌላ ገዛሁ፤ ከድርሻው በየማታው አሥር አሥር ብር እየቀነስን ከፍለን ጨረስነው።